አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ ሦስት ጊዜ የኦሎምፒክ ሁለተኛ፦ ስለ ጀርመናዊው ቀዛፊ ኮልበ እናውራ

የአልስተር_ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁልጊዜ ስለ ሩጫና ስለ ኳስ ነው የምናወራው። ዛሬ ስለ አንድ ቀዛፊ ላውራችሁ።

ሃምቡርግ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው። ጠዋት ስወጣ በአልስተር ሐይቅ ዳር አድርጌ ወደ ቤት እሄዳለሁ። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ላይ ቀዛፊዎች አይጠፉም። ይዘንባል፣ እነሱ አሉ። ጭጋግ ነው፣ እነሱ አሉ። ቆሜ የማየው ግን ብቻውን የሚቀዝፈውን ነው። ቀጭን ጀልባ፣ አንድ ሰው፣ በእያንዳንዱ እጁ አንድ መቅዘፊያ። ከሩቅ ሲያዩት ውሃ ላይ የምትሄድ ሸረሪት ይመስላል።

ባለፈው አብሮኝ የሚሠራ፣ ጡረታው የተቃረበ ጀርመናዊ «የዚህን ከተማ ልጅ ኮልበን ታውቀዋለህ?» አለኝ። አላውቀውም አልኩት። የእረፍት ሰዓታችን ስለ እሱ ሲያወራልኝ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ።

ፔተር ሚካኤል ኮልበ በ1953 ሃምቡርግ ተወለደ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ውድድሩ የአንድ ሰው ጀልባ ነው። 2,000 ሜትር፣ ስድስት ጀልባ ጎን ለጎን፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ። በ1975 ኖቲንግሃም ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ገና 22 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ጀርመን የዓመቱ ስፖርተኛ ብላ መረጠችው። ከዚያ በ1978፣ በ1981፣ በ1983 እና በ1986 ደገመው። አምስት ጊዜ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 11 ዓመት።

ኦሎምፒክስ? 1976 ሞንትሪያል፣ ብር። 1984 ሎስ አንጀለስ፣ ብር። 1988 ሴኡል፣ ብር። ወርቅ የለም።

ሰውዬው ታሪኩን ሲጨርስ «ምስኪን» አለኝ። እኔ ደግሞ ቃሉ አልዋጥልህ አለኝ። አምስት ጊዜ ዓለምን ያሸነፈ ሰው እንዴት ምስኪን ይባላል? እናንተ ምን ትላላችሁ?


ባሕርዳሬው

ወንድሜ ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ የጣና ልጅ ነኝ። አባቴ ታንኳ ነበረው። ታንኳ ላይ ፊትህን ወደምትሄድበት አዙረህ ነው የምትቀዝፈው። እነዚህ ሰዎች ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚሄዱት። ቴሌቪዥን ላይ ባየኋቸው ቁጥር ይገርመኛል። ወዴት እንደሚሄዱ ሳያዩ እንዴት ይወዳደራሉ? ለምንስ እንዲህ ሆነ?


መካኒኩ_ከዱይስበርግ

ባሕርዳሬው፣ ላስረዳህ። እኔ የምኖረው ዱይስበርግ ነው። ቬዳው የሚባለው የቀዘፋ መወዳደሪያ ውሃ ከቤቴ በብስክሌት ሃያ ደቂቃ ነው። ኮልበ የ1983ቱን ዋንጫ ያነሳው እዚያ ነው።

ፊትህን ወደ ፊት አድርገህ ስትቀዝፍ የምትሠራው በክንድህና በትከሻህ ነው። ጀርባህን ስትሰጥ ግን በእግርህ መግፋት ትችላለህ። እግርህን ተክለህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ፣ ልክ ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው ትዘረጋዋለህ። መቀመጫው ከሥሩ ጎማ አለው፣ በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቀዘፋን የእጅ ስፖርት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። ትልቁ ጉልበት ከጭን ነው የሚመጣው።

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። በተንሳፋፊ ኳሶች ተከልሏል። አልፎ አልፎ ዞር ብለው ያያሉ እንጂ ብዙ አይጨነቁም።


የአልስተር_ዳር

መካኒኩ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

በሩጫ መሪው ከኋላው ያለውን አያይም። ዞር ካላለ በቀር ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው። በቀዘፋ ግን ተቃራኒ ነው። መሪው ተከታዮቹን ሁሉ ፊት ለፊት ያያቸዋል። ከኋላ ያለው ነው ከፊት ያለውን የማያየው።

አሁን ሞንትሪያልን አስቡት። ኮልበ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነው የገባው። የመጨረሻውን ውድድር አብዛኛውን መንገድ መራ። ሁሉም ፊት ለፊቱ ናቸው። ከእነሱ መሃል አንዱ ፊንላንዳዊው ፔርቲ ካርፒነን ነው። ሁለት ሜትር የሚያልፍ ቁመት ያለው፣ በሙያው የእሳት አደጋ ሠራተኛ። መጨረሻው ላይ የኮልበ ጉልበት ከዳው። ክንዱ አልታዘዝ አለ። ካርፒነን ሲቀርብ፣ ሲቀርብ፣ ሲቀርብ እያየው ነው። ከዚያ አለፈው። ካርፒነን 7 ደቂቃ ከ29.03 ሰከንድ፣ ኮልበ 7 ደቂቃ ከ31.67። ሁለት ሰከንድ ተኩል ትንሽ አለፍ ቢል ነው።

የሚያልፍህን ሰው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው የምታየው፣ ግን ከመጀመሪያ ጀምሮ ታየዋለህ። እኔ ይሄን ሳስብ ሆዴ ይረበሻል።


ጥያቄ_አለኝ

ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን ካርፒነንን የዕድል ልጅ አታድርጉት። ያው ሰውዬ በ1980 ሞስኮ አሸነፈ። በ1984 ሎስ አንጀለስ ኮልበን ደግሞ አሸነፈው፣ 7 ደቂቃ ከ00.24 ለ7 ደቂቃ ከ02.19። በአንድ ሰው ጀልባ ሦስት ተከታታይ የኦሎምፒክ ወርቅ። ከእሱ በፊት ይሄን ያደረገ የሶቭየቱ ቪያቼስላቭ ኢቫኖቭ ብቻ ነው። ካርፒነን መጨረሻውን ጠብቆ የሚመጣ ቀዛፊ ነበር። ጉልበቱን ማከፋፈል ያውቃል። ኮልበ ቶሎ ጨረሰ፣ እሱ ቆይቶ አወጣ። ለእኔ ነገሩ ይሄ ነው።


ሲስተር_ነኝ

ሰላም። ስቱትጋርት ነርስ ሆኜ ነው የምሠራው። ማንም ያላነሳው አንድ ጉዳይ አለ። መርፌው።

ከሞንትሪያሉ የመጨረሻ ውድድር በፊት ኮልበ መርፌ ተወግቶ ነበር። ቤሮላዝ እና ቲዮክታሲድ የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች ተቀላቅለው። ጀርመን ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ «የኮልበ መርፌ» ይባላል። በዚያ ኦሎምፒክ ለሌሎች የምዕራብ ጀርመን ስፖርተኞችም ተሰጥቷል። በጊዜው ከተከለከሉት መድኃኒቶች ውስጥ አልነበረም።

በቀላሉ ላስረዳ። ቤሮላዝ ከቫይታሚን ቢ1 የሚወጣ ነገር ነው። ቲዮክታሲድ አልፋ ሊፖይክ አሲድ ነው። እሱን እኛ አሁንም እናውቀዋለን። እዚህ አገር በስኳር ሕመም የተነሳ እግራቸውን ለሚያቃጥላቸው ሰዎች ይታዘዛል። ለስፖርተኞቹ የተሰጠው ሰውነት ስኳርን በደንብ እንዲያቃጥል፣ ጡንቻ ላይ የሚጠራቀመው አሲድ እንዲቀንስ ተብሎ ነው። ቀዛፊ ከመነሻው በሙሉ ኃይሉ ስለሚወጣ አሲዱ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ነው የሚጀምረው። የቀረውን መንገድ እሱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ያደከመው መርፌው ነው ወይስ ፍጥነቱ? ያኔ ሐኪሞች ተከራክረውበታል፣ አልተስማሙም። እኔም አልፈርድም። እንደ ነርስ የማውቀው ግን አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው በሕይወቱ ትልቁ ቀን ላይ ሊያደርገው የማይገባ ነገር ቢኖር፣ በዚያ ቀን አዲስ ነገር ሰውነቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ነገሩ ስፖርት ብቻ አልነበረም። ያኔ ሁለት ጀርመን ነበሩ። ምሥራቆቹ ሜዳልያ ያፍሱ ነበር። ምዕራቦቹ ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ይፈራሉ። ያ ፍርሃት ነው ሲሪንጅ ያስያዛቸው። ጫናው ግን ያረፈው በአንድ የ22 ዓመት ልጅ ክንድ ላይ ነው።


ሯጭ_ነበርኩ

ሲስተር፣ የጻፍሽውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ክለብ እሮጥ ነበር። የክለቡን ስም አልጠራም። 19 ዓመቴ ነው። ጉልበቴ አብጦ ነበር። ውድድር ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ሰው መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወጋኝ። ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ማን ይጠይቃል? ትልቅ ሰው ነው፣ የሚያውቅ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሕመሙ ጠፋ። ሮጥኩ። አራተኛ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አልሮጥኩም።

አሁን የማስበው ስለ አራተኛነቱ አይደለም። ምን እንደተወጋሁ ዛሬም አለማወቄ ነው የሚቆጨኝ።

ኮልበ ግን ተመልሶ መጣ። ለእኔ የዚህ ሰው ትልቁ ነገር እሱ ነው። በሚሊዮኖች ፊት፣ መጨረሻው ላይ ክንዱ የከዳው ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኔ በትንሽ ውድድር ተሰብሬ ቀረሁ። እሱ በዓለም ፊት ወድቆ ተነሳ።


ሲስተር_ነኝ

ሯጭ ነበርኩ፣ ወንድሜ፣ አይዞህ። 19 ዓመት ልጅ ነው። መጠየቅ የነበረበት የወጋህ ሰው እንጂ አንተ አይደለህም። ጉልበትህ አሁንም የሚያስቸግርህ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የት መታየት እንዳለብህ እነግርሃለሁ።


የድሮ_ሬዲዮ

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። እኔ እዚህ የምገባው የልጅ ልጄ ስልክ ሲሰጠኝ ነው። የምታወሩት ጊዜ የእኔ ጊዜ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ሲደረግ ኢትዮጵያ አልተወዳደረችም። አብዛኛው የአፍሪካ አገር ወጣ። የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ስለጎበኘ፣ ኒው ዚላንድ ትባረር ብለን ጠየቅን፣ እምቢ አሉ፣ ወጣን። ምሩፅ ይፍጠር ያን ጊዜ በጉልበቱ ነበር። በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ይዞ፣ 5,000ው ደግሞ ማጣሪያው አምልጦት ነው የመጣው። አራት ዓመት የጠበቀውን ሞንትሪያልን አጣ። ያዘንነው ሐዘን እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

ከዚያ 1972 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ሞስኮ። እኛ ሰፈር አንድ ሬዲዮ ነበር፣ ግቢው በሰው ሞላ። ማርሽ ቀያሪው 10,000ውን ወሰደ። 5,000ውንም ወሰደ። መሐመድ ከድር በ10,000፣ እሸቱ ቱራ በመሰናክል ነሐስ። እናቶች እልል አሉ። ሰው የማያውቀውን ሰው አቀፈ።

አሁን ይሄን የጀርመን ሰው ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ምሩፅ በፈረንጆቹ 76ን በፖለቲካ አጣ፣ 80 ላይ ካሰው። ኮልበ ደግሞ 80ን በፖለቲካ አጣ። ምዕራብ ጀርመን ከአሜሪካ ጋር ሆና ሞስኮ አልሄድም አለች፣ በአፍጋኒስታን ጦርነት የተነሳ። 27 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ለቀዛፊ የጉልበት ዕድሜ ነው። እኛ በሬዲዮ ስንጨፍር፣ እሱ ቤቱ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ይሄን አላውቅም ነበር። ባውቅ እንኳ ደስታዬን አይቀንሰውም። ግን አሁን ሳስበው አዘንኩለት።


ባሕርዳሬው

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። ደጋግመው ይጻፉልን። ልጅዎ ስልኩን አይንፈግዎት።


ጥያቄ_አለኝ

ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፣ ከልቤ ነው። በ1980 ካርፒነን ሞስኮ ሄዶ አሸነፈ፣ ፊንላንድ አልቀረችም ነበርና። ኮልበ ቢኖር ኖሮ ያሸንፍ ነበር አልልም። ግን መወዳደር ነበረበት። ያቺን አንዷን ዕድል ነጠቁት።

የ1978ቱ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ የተደረገው የት መሰላችሁ? ኒው ዚላንድ፣ ካራፒሮ ሐይቅ ላይ። እኛን ከሞንትሪያል ያስወጣን ጉዳይ የተነሳባት አገር። ኮልበ ከሞንትሪያሉ ሽንፈት በኋላ የተነሳው እዚያ ነው። ስፖርት እንዲህ ተጠላልፎ መገኘቱ ይገርመኛል።


ማሂ_ፍራንክፈርት

እኔ ሴቶቹም ይነሱ እላለሁ። ካትሪን ቦሮን። በ1969 የተወለደች፣ የምሥራቅ ጀርመን ልጅ። በ1992፣ በ1996፣ በ2000 እና በ2004 የኦሎምፒክ ወርቅ፣ በ2008 ቤይጂንግ ነሐስ። አራት ወርቅ! አንዳንዱን በሁለት ሰው፣ አንዳንዱን በአራት ሰው ጀልባ። ስሟን ግን እዚህ አገር መንገድ ላይ አስር ሰው ብጠይቅ ሁለቱ እንኳ አያውቃትም። ስለዚህ ወርቅ ስለሌለው ነው የተረሳው የምትሉት ነገር ለእኔ አይገባኝም። ወርቅ ያላትም ተረስታለች። ቀዘፋ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ስፖርት ነው።


የአልስተር_ዳር

ማሂ፣ ልክ ነሽ። ለቦሮን የራሷን ክር ክፈቺላት፣ እኔ የመጀመሪያው አንባቢ እሆናለሁ።

ግን ኮልበ ያልተረሳበት አንድ ምክንያት አለ። ጀልባው። መካኒኩ፣ አንተ ትሻላለህ። ስለ 1981 ጻፍልን።


መካኒኩ_ከዱይስበርግ

ይሄን ስጠብቅ ነበር።

ቅድም መቀመጫው ይንሸራተታል ብያችኋለሁ። አሁን ችግሩን ላሳያችሁ። የአንድ ሰው ጀልባ ክብደቷ 14 ኪሎ ብቻ ነው። ቀዛፊው ግን 90 ኪሎ ቢሆን ነው። ባሕርዳሬው፣ ትንሽ ታንኳ ላይ ቆመህ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ብትራመድ ታንኳዋ ምን ትሆናለች? ወደ ኋላ ትሸሻለች። እዚህም ያው ነው። ከባዱ ሰውዬ ቀላሏ ጀልባ ላይ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። እሱ ወደ አንዱ ሲሄድ ጀልባዋ ወደ ሌላው ትገፋለች። ስለዚህ ፍጥነቷ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። አፍንጫዋም ውሃው ውስጥ ትነከራለች፣ ትወጣለች።

ውሃ ደግሞ ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር ከዚያ በላይ ነው የሚቃወምህ። ፍጥነትህን እጥፍ ብታደርገው ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። እየጨመሩ እየቀነሱ መሄድ ታዲያ በእኩል ፍጥነት ከመሄድ የበለጠ ጉልበት ይበላል። አዲስ አበባ መሃል ከተማ ጋዝ እየሰጠህ ፍሬን እየያዝክ ስትነዳ ነዳጁ ቶሎ እንደሚያልቀው።

ፎልከር ኖልተ የሚባል ጀርመናዊ አንድ ነገር አሰበ። ሰውየው ለምን ይንሸራተታል? ሰውየው ይቀመጥ፣ ሌላው ይንሸራተት! መቀመጫውን ጀልባዋ ላይ አሰረው። መቅዘፊያዎቹን የሚሸከመውን በሁለት ጎን የወጣውን ብረትና የእግር መርገጫውን አንድ ላይ አያይዞ በሐዲድ ላይ አስቀመጣቸው። አሁን የሚመላለሰው ጥቂት ኪሎ ብረት ነው እንጂ 90 ኪሎ ሰው አይደለም። ጀልባዋ ተረጋጋች። የተሠራችው ኔካር ወንዝ ዳር ኤበርባኽ ከተማ ባለው የኤምፓኸር የጀልባ ፋብሪካ ነው። ሐሳቡ ራሱ ድሮም ነበር፣ ግን ለትልቅ ውድድር የሚበቃ አድርጎ የሠራው አልነበረም።

ኮልበ በ1981 ሙኒክ ላይ ይቺን ጀልባ ይዞ ወጣ። በገዛ አገሩ ሰው ፊት። አሸነፈ።

ከዚያ ሁሉም ሮጦ ገዛት። በ1983 እዚህ ዱይስበርግ በአንድ ሰው ጀልባ ለመጨረሻው ውድድር ያለፉት ስድስቱም በዚህ ዓይነት ጀልባ ነበሩ። ኮልበ አሁንም አንደኛ። የዓለም ቀዘፋ ፌዴሬሽን ግን ከልክሏት አረፈው። ከ1984 ጀምሮ ተቀባይነት የላትም ተባለ። ምክንያቱ ዋጋ ነው። ሀብታም አገር ይገዛል፣ ድሃው በአሮጌው ይቀራል፣ ያለው ጀልባ ሁሉ ከጥቅም ውጭ ይሆናል ብለው ነው። ስለ ድሃው ያሰቡት ደስ ይለኛል። ግን እንደ መካኒክ ልቤ ይቃጠላል። ይሄን የመሰለ ቀላል ሐሳብ! ዛሬም ድረስ ሁሉም በሚንሸራተት መቀመጫ ነው የሚወዳደረው።


ጥያቄ_አለኝ

ስለዚህ ጀልባዋ ናት ያሸነፈችው ማለት ይቻላል?


መካኒኩ_ከዱይስበርግ

አይቻልም! በ1983 ስድስቱም አንድ ዓይነት ይዘው ነበር አልኩህ። በ1975ና በ1978 ደግሞ ጀልባዋ ገና አልነበረችም። በ1986ስ? ከተከለከለች ሁለት ዓመት አልፏል። ኮልበ 33 ዓመቱ ነው። በአሮጌው ዓይነት ጀልባ ኖቲንግሃም ሄዶ አምስተኛውን ወሰደ። የመጀመሪያውን ያገኘባት ከተማ ላይ።


ጥያቄ_አለኝ

እሺ። እዚህ ላይ ተረታሁ። የ1986ቱ በአሮጌው ዓይነት ጀልባ መሆኑን አላውቅም ነበር።


ሯጭ_ነበርኩ

33 ዓመት! የመጀመሪያውን ባገኘባት ከተማ የመጨረሻውን... እንዴት ያምራል።


የአልስተር_ዳር

ከሴኡል ጀምሬ ልጨርሰው።

1988። ኮልበ 35 ዓመቱ ነው። ካርፒነን ያን ዓመት ወደ መጨረሻው ውድድር አልገባም። አንድ ሰው ቢያነብ «በቃ፣ መንገዱ ተከፈተለት» ይላል። ግን ከወዲያኛው ጀርመን ቶማስ ላንገ የሚባል ወጣት መጣ። 24 ዓመቱ። ባለፈው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነው የመጣው። ላንገ 6 ደቂቃ ከ49.86፣ ኮልበ 6 ደቂቃ ከ54.77። አምስት ሰከንድ ገደማ። ይሄኛው እንደ ሞንትሪያል አይደለም። እዚህ ላይ ወጣቱ በግልጽ በለጠ።

አንድ ቀላል ሒሳብ ሠራሁ። ከመጀመሪያው ብር እስከ ሦስተኛው 12 ዓመት አለ። በ35 ዓመት ዕድሜ የኦሎምፒክ ሁለተኛ መሆን፣ ከአንተ 11 ዓመት የሚያንስ ሰው ብቻ ቀድሞህ! ነሐስ ያገኘው የኒው ዚላንዱ ቨርዶንክ ከኋላው ነው የደረሰው። አብሮኝ ለሚሠራው ሰውዬ ይሄን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ምስኪን ያልኩትን አንስቼዋለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ።

ኮልበ ከዚያ በኋላ የተወሰነ ጊዜ በጀርመን የቀዘፋ ፌዴሬሽን በስፖርት ዳይሬክተርነት ሠራ። በታኅሣሥ 2023 በ70 ዓመቱ አረፈ።


የድሮ_ሬዲዮ

ነፍስ ይማር። ምሩፅም በ2009 ዓ.ም. አረፈብን። ቶሮንቶ ነበር። አፅሙ አገሩ ገባ፣ ሕዝቡ ወጥቶ ተቀበለው። የጀርመኑንም ሰው አገሩ እንደዚያ አክብሮ ሸኝቶት ይሆን እያልኩ ነው።


ማሂ_ፍራንክፈርት

ጋሼ፣ ስለ ቀብሩ አላውቅም። ሲያርፍ ግን ጋዜጦቹ ጽፈውለት አንብቤያለሁ። ያነሱት ግን በብዛት መርፌውንና ሦስቱን ብር ነው። አሁን ይሄን ክር ካነበብኩ በኋላ ነው የከፋኝ።


ባሕርዳሬው

ከኮልበ በኋላ ጀርመኖች በአንድ ሰው ጀልባ ወርቅ አግኝተዋል ወይ?


መካኒኩ_ከዱይስበርግ

ላንገ በ1992 ባርሴሎና ደገመው። ያኔ ጀርመን አንድ ሆና ነበር። ከዚያ በወንዶች 32 ዓመት ምንም የለም።

በ2024 ፓሪስ ላይ ኦሊቨር ሳይድለር መጣ። ይሄ ልጅ ዋናተኛ ነበር። ቀዘፋ የጀመረው በ2016 ነው፣ 20 ዓመት ሲሆነው። አያቱ ሃንስ ዮሃን ፌርበር በ1972 ሙኒክ በአራት ሰው ጀልባ ወርቅ ያገኘ ነው። አሰልጣኙ ገዛ አባቱ ነው። ሳይድለር በ2019 የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ቶኪዮ ሲሄድ ሁሉም ወርቁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎለት ነበር። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ቀረ። እኔ ያን ቀን «ሁለተኛ ኮልበ» ሲባል ሰምቻለሁ፣ አናደደኝም። ከዚያ በ2022ና በ2023 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በፓሪስ ደግሞ ከመነሻው መርቶ ጨረሰው። ኮልበ ካረፈ ስምንት ወር አልሞላውም ነበር።


ሯጭ_ነበርኩ

ሁለቱም አንድ መንገድ ነው የሄዱት እኮ። ወድቀው በማግሥቱ ውሃ ላይ ነበሩ። አንዱ ወርቁን አገኘው፣ አንዱ አላገኘውም። እኔ ግን የኮልበን ነው ለልጄ የማወራለት።


የአልስተር_ዳር

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትናንት ጠዋት ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር ካሉት የቀዘፋ ክለቦች አንዱ ጋ ገብቼ ጠየቅኩ። ለጀማሪ ትልልቅ ሰዎች ትምህርት አላቸው። በግንቦት ይጀምራል። ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ቀን በሰፊና በማትገለበጥ ጀልባ ነው አሉኝ። የምጠየቀው ዋና መቻሌን ብቻ ነው።


ባሕርዳሬው

እንዴ! ጎበዝ! እኔ በሰኔ እህቴን ለመጠየቅ ብሬመን እመጣለሁ። ሃምቡርግ በባቡር አንድ ሰዓት ነው አይደል? ሐይቁ ዳር ቆሜ አይሃለሁ። ፊትህ ወደ እኔ ይሆናል፣ ስትርቅ ሁሉ ታየኛለህ።


የአልስተር_ዳር

ና በቃ። ቡና ይዤ እጠብቅሃለሁ። መካኒኩ፣ አንተም ብትመጣ ስለ ጀልባው እያሳየህ ታስረዳናለህ።


መካኒኩ_ከዱይስበርግ

ቅዳሜ ከሆነ እመጣለሁ።